ስህተቱን መጀመሪያ የተናገረው ሰው፦ በትንሽ የገጠር ሆስፒታል የሕሙማን ደኅንነት ባህል እንዴት ይገነባል?

ልጅቷ ሥራ ከጀመረች ገና አራት ወሯ ነበር። ሌሊት ለአንድ ሕፃን መድኃኒት ስትቀዳ ሲሪንጁ ከለመደችው በላይ ሞላባትና ቆም አለች። ካርዱን መልሳ አየች። የታዘዘው 0.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ የጻፈው ሰው ግን ዜሮዋን ትቶ ነጥብና 5 ብቻ አስፍሯል። ነጥቧ የካርዱ መስመር ላይ ወድቃ ስለማትታይ 5 ብላ አንብባዋለች። መድኃኒቱን አልሰጠችም፤ ሕፃኑም ምንም አልሆነ። ጠዋት ስብሰባ ላይ ሌላው ሰው እንዲጠነቀቅ ብላ እጇን አውጥታ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። እዚያው በሁላችን ፊት «ነጥብ የማትለይ ነርስ» ተባለች። ከሰዓት በኋላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። አጠገቧ ተቀምጬ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

ከዚያ ቀን በኋላ የስህተት መመዝገቢያ ደብተራችን 14 ወር ሙሉ ባዶ ሆነ። ለጉብኝት የመጡ ሰዎች ደብተሩን ገልጠው «ጥሩ ነው፣ ችግር የለባችሁም» ብለውን ሄዱ።

ከዚያ አንድ ሌሊት ኤክላምፕሲያ (በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ ከደም ግፊት ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ) ያለባት እናት መጣች። የማታዋ ተረኛ መንቀጥቀጡን የሚያቆመውን የማግኒዚየም ሰልፌት የመጀመሪያ መጠን ሰጠች። 4 ግራሙ በደም ሥር፣ ቀሪው 5፣ 5 ግራም ሆኖ በሁለቱም መቀመጫዎች የሚሰጥ፣ በድምሩ 14 ግራም ነው። ካርዱ ላይ ሳትጽፍ ሌላ ወላጅ ጠራቻትና ሮጠች። ርክክቡ ኮሪደር ላይ፣ ቆመው፣ በሁለት ደቂቃ አለቀ። የሌሊቱ ተረኛ ካርዱን ሲያይ የተሰጠ ነገር የለም፤ አምፑሎቹን መስበር ጀመረ። ያዳነችን አስታማሚዋ ናት። «ቅድም እኮ ሁለቱም ጎኗ ላይ ወግተዋታል» አለች። መጠኑ ቢደገም የዚያች እናት ትንፋሽ ሊቆም ይችል ነበር።

በማግስቱ አንድ በአንድ ስጠይቅ ሁለት ባልደረቦች ይኸው ነገር ከዚህ በፊትም ሊደርስ እንደነበር ነገሩኝ። ለምን አልተናገራችሁም ስላቸው ሁለቱም ያነሱት የዚያችን ልጅ ስም ነው።

ነርስና አዋላጅ ሆኜ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁት በትንንሽ የገጠር ሆስፒታሎች ነው። ከዚያ ሌሊት በኋላ የተማርኩትን እዚህ የማሰፍረው እንደኔ በጥቂት ሰው፣ በጥቂት አልጋ፣ በአንድ ጄኔሬተር ለሚሠሩ ባልደረቦች ነው። በትንሽ ሆስፒታል የደኅንነት ባህል የሚወሰነው ስህተቱን መጀመሪያ የተናገረው ሰው በሚደርስበት ነገር ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ያንን ሰው ለመጠበቅና የተናገረውን ወደ ሥራ ለመለወጥ ነው።

ባዶ ደብተር ምን ይናገራል?

ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል ተመራማሪ የሆስፒታል ቡድኖችን የመድኃኒት ስህተት ስታጠና በደንብ የተግባቡትና በደንብ የሚመሩት ቡድኖች ስህተታቸው ያነሰ ይሆናል ብላ ጠብቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመችው ውጤት ተቃራኒው ነው፤ በእነዚህ ቡድኖች የተመዘገበው ስህተት የበለጠ ነበር። የበለጠ ስለሚሳሳቱ ሳይሆን ሳይፈሩ ስለሚናገሩ ነው። ስለዚህ ደብተራችሁ ባዶ ከሆነ ደስ አይበላችሁ፤ ለምን ባዶ እንደሆነ ጠይቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

ትንሽ ሆስፒታልን የሚያዘናጋ ሌላም ነገር አለ። «በዚህ ዓመት አንድም እናት አልሞተችብንም» ማለት ያስደስታል። ነገር ግን 300 እናቶች ወልደው አንዲትም ሳትሞት ብትቀር የስታትስቲክስ ባለሙያዎች የሚሉት ትክክለኛው የሞት አደጋ ከ100 አንድ ድረስ ሊሆን ይችላል ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 3ን ለታካሚው ቁጥር አካፍሉት። ለአንዲት እናት ከ100 አንድ እጅግ ትልቅ አደጋ ነው፤ እኛ ግን ቁጥራችን ትንሽ ስለሆነ አይታየንም። ሞት እስኪመጣ ከጠበቅን የምንማረው በጣም ዘግይተን ነው። መማሪያችን ለጥቂት የተረፍንባቸው ነገሮች ናቸው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

የጉዳዩ ስፋት ለሚጠራጠር አለቃ አንድ ቁጥር ይዛችሁ ግቡ። የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ግምት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሆስፒታሎች ውስጥ ደኅንነቱ ባልተጠበቀ ሕክምና ሳቢያ በየዓመቱ 134 ሚሊዮን ጉዳቶች ይደርሳሉ፤ ለ2.6 ሚሊዮን ሞትም ምክንያት ይሆናሉ።

ከሁሉ በፊት የቆየውን ቁስል አክሙ

ብዙ ሆስፒታል ሥራውን የሚጀምረው በሥልጠና ነው። እኔ ከዚያ እንዳትጀምሩ እለምናለሁ። ሠራተኛው ልቡ ውስጥ የያዘው አንድ ታሪክ አለ፤ ተናግሮ የተቀጣ ሰው ታሪክ። ያ ታሪክ ሳይታከም የምትሰጡት ሥልጠና ሁሉ ከጆሮ አያልፍም።

እኔ ያደረግሁት ይህን ነው። መጀመሪያ ልጅቷን ብቻዋን አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። ዝም በማለቴ፣ ኃላፊነቴን ባለመወጣቴ። ከዚያ ለሜዲካል ዳይሬክተሩ የማግኒዚየሙን ሌሊት ከነዝርዝሩ ነገርኩት። ያቺ ልጅ ስለተቀጣች ምን ምን እንዳልሰማን አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። አንድ ሳምንት አሰበበት። ከዚያ ልጅቷ በተሰደበችበት በዚያው የጠዋት ስብሰባ ላይ ቆሞ «ያን ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ደብዳቤው ከፋይሏ ወጥቷል» አለ። ከዚያ በኋላ የሰጠነው የትኛውም ሥልጠና የዚያን ያህል አልሠራም።

በእናንተ ሆስፒታል ታሪኩ የማን እንደሆነ አታውቁት ይሆናል። በሆስፒታሉ ረጅም ዓመት የሠሩትን የፅዳት ሠራተኞች ጠይቁ፤ ያውቃሉ።

የሚያስቀጣውንና የማያስቀጣውን አስቀድማችሁ ለዩ

«ማንም አይቀጣም» ማለት አይሠራም፤ እውነትም አይደለም፤ ሠራተኛውም አያምነውም። ዴቪድ ማርክስ የተባለ የደኅንነት ባለሙያ ያቀረበው አከፋፈል ለእኛ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሰው የመሆን ስህተት አለ፤ እጅ ተሳሳተ፣ ዓይን አሳተ። ይህን የሠራ ሰው ይጽናናል፣ አሠራሩም ይስተካከላል። አደጋውን አቅልሎ ማየት አለ፤ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው» ብሎ አቋራጭ መንገድ መያዝ። ይህ ሰው ይመከራል፣ አቋራጩ ለምን እንደቀለለውም ይመረመራል። ሦስተኛው እያወቁ በሰው ሕይወት መጫወት ነው፤ ሰክሮ ተረኛ መግባት፣ ያልተለካን የደም ግፊት ለክቻለሁ ብሎ መጻፍ። ይህ ያስቀጣል።

የትኛው እንደሆነ መለየት ሲቸግራችሁ የሰውን ስህተት ያጠናው ጄምስ ሪዝን የጻፈበትን መፈተኛ ተጠቀሙ። ያንኑ ሥልጠና ያለው ሌላ ባልደረባ በዚያ ሌሊት፣ በዚያ የታካሚ ብዛት፣ በዚያ ድካም ውስጥ ቢሆን ያንኑ ያደርግ ነበር ወይ? መልሱ «ምናልባት አዎ» ከሆነ ችግሩ ከሰውየው በላይ ነው። ነጥብና 5 የተጻፈበትን ካርድ ለስድስት ነርሶች ሰጥቼ አንብቡልኝ ብዬ ነበር። አራቱ 5 አሉ።

ይህን አከፋፈል በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ዳይሬክተሩና ሜትሮኗ (የነርሶች ኃላፊዋ) ይፈርሙበት፤ ሁሉም ሰው ኮፒውን ይያዝ። አስቀድሞ ያልተጻፈ ፍትሕ በተናደደ ሰው እጅ ይወድቃል።

ስም መደበቅ አንችልም፤ ታዲያ ምን እናድርግ?

ትልልቅ ሆስፒታሎች ስም የማይጻፍበት ሪፖርት ይጠቀማሉ። እኛ ጋ የእያንዳንዱ ሰው የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል፤ በሌሊት ተረኛ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የተጎዳው ታካሚም የአንዳችን ዘመድ ወይም ጎረቤት ነው። ቁልፍ ያለው ሣጥን ብትሰቅሉ ሰው ሁሉ ወረቀት የሚጨምረውን ቆሞ ያያል። እኛም ሰቅለን ነበር፤ ሲከፈት ስለ ሻይ ክበብ የቀረበ አንድ ቅሬታ ብቻ ተገኘ።

ስለዚህ ምስጢሩን ትተን መልሱ ላይ አተኮርን። ሪፖርቱ አንድ ገጽ ነው፤ አራት ጥያቄ ብቻ አለው። ምን ሆነ? ምን ሊሆን ይችል ነበር? ምን አዳነን? ምን ብናስተካክል አይደገምም? «ማን ሠራው?» የሚል መስመር የለም። መጻፍ የከበደው ሰው በቃል ይነግረኛል፤ እኔ እጽፋለሁ፤ መልሼ አነብለታለሁ። ሦስተኛዋን ጥያቄ እወዳታለሁ፤ ሰውን ከሀፍረት አውጥታ ወደ ዕውቀት ትወስደዋለች። «አስታማሚዋ ተናገረች» የሚል መልስ ከመጣ አስታማሚዎችን በርክክብ ውስጥ ማስገባት እንዳለብን ገባን ማለት ነው።

አንድ ግዴታ ግን አለ። በ7 ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ሪፖርት መልስ ይሰጣል፤ ሰሌዳ ላይም ይወጣል። «ዜሮ ስለቀረ ሊሳሳት ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ከነጥብ በፊት ዜሮ ሳይኖር የታዘዘ መድኃኒት ፋርማሲ አይሰጥም። ከነጥብ በኋላ ትርፍ ዜሮም አይጻፍም፤ 5.0 ተብሎ 50 እንዳይነበብ።» መልሱ «ገንዘብ ስለሌለ አሁን አንችልም» ቢሆን እንኳ ይጻፍ። ሰው የሚተወው እምቢ ሲባል ሳይሆን ዝም ሲባል ነው።

አሥር ደቂቃ፣ በእግር ቆሞ

አንድ ነገር ብቻ መሥራት የምትችሉ ከሆነ ይህን ሥሩ። በየቀኑ ጠዋት፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ቦታ፣ ቆማችሁ፣ ከአሥር ደቂቃ ሳያልፍ ተሰብሰቡ። ሐኪሞችና ነርሶች ብቻ አትሰብሰቡ። ፋርማሲ፣ ላብራቶሪ፣ ፅዳት፣ ጥበቃ፣ የአምቡላንስ ሹፌር፣ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ሰው ይምጡ። ትልቅ ሆስፒታል ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ እኛ ሁላችንም በአንድ ክፍል እንገባለን። ትንሽነታችን እዚህ ላይ ይጠቅመናል።

ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ዛሬ በጣም የምታሳስበን ታካሚ ማን ናት? ዛሬ ምን ይጎድለናል? ከትናንት ጀምሮ ለጥቂት የተረፍንበት ምን ነበር? ሦስተኛዋን «ችግር አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «የለም» ነው። ለጥቂት የተረፍንበት ነገር እንዳለ አስባችሁ ጠይቁ፤ አለና።

የጄኔሬተሩ ኃላፊ አንድ ቀን «ነዳጁ እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ ነው» አለ። እንዲያ ያለ ዜና ከዚያ በፊት የሚደርሰን መብራት ሲጠፋ ነበር። ሁለት ሕፃናት በኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን በሚያጣራ መሣሪያ) ላይ ነበሩ፤ ኮንሰንትሬተር ደግሞ ያለ መብራት አይሠራም። ከሰዓት በፊት የኦክስጅን ሲሊንደር አጠገባቸው ቆመ፣ ጌጁም ተፈተሸ። ሌሊት መብራት ጠፋ፤ ማንም አልሮጠም።

መሪው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከራሱ ስህተት ይጀምር። ዳይሬክተራችን «ትናንት የአለርጂ ታሪኳን ሳልጠይቅ ፔኒሲሊን ላዝ ነበር፣ ነርሷ አስታወሰችኝ» ባለበት ቀን ሦስት ሰው ተናገረ። ደግሞም የሚናገረውን ሰው ፊታችሁን አስተካክላችሁ ስሙት። በትንሽ ክፍል ውስጥ የአለቃ ግንባር መቋጠር ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አይተናነስም።

መፍትሔ ስትፈልጉ ማስታወቂያ አትለጥፉ

ስህተት በተገኘ ቁጥር «ተጠንቀቁ» የሚል ወረቀት መለጠፍና ሠራተኛ ማሠልጠን የተለመደ ነው። ሁለቱም ደካማ መፍትሔዎች ናቸው፤ ያልደከመ፣ ያልተዘናጋ ሰው ይፈልጋሉና። ጠንካራው መፍትሔ ደክሞትም ቢሆን ሰው እንዳይሳሳት የሚያደርገው ነው። ያልተበረዘ ፖታሺየም ክሎራይድ በስህተት ሲሰጥ ልብን ያቆማል። «ተጠንቀቁ» ከማለት ከዋርዱ አውጥቶ ፋርማሲ ውስጥ መቆለፍ ይሻላል፤ የሌለ አምፑል በስህተት አይሰጥም።

ለማግኒዚየሙም እንዲሁ አደረግን። አንድ ክዳን ያለው ሣጥን አዘጋጀን። በውስጡ ለአንድ እናት የሚበቃ የመጀመሪያ መጠን ብቻ፣ ማበረዣው፣ ሲሪንጆቹና ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አሉ። ክዳኑ ላይ የሚከታተሉትን ጻፍን፤ የሚቀጥለው መጠን ከመሰጠቱ በፊት ትንፋሿ በደቂቃ 16 እና ከዚያ በላይ ነው ወይ? ጉልበቷ ሲመታ ይዘላል ወይ? ባለፉት 4 ሰዓታት ሽንቷ በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር ነበር ወይ? የሣጥኑ ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። የተከፈተ ሣጥን አልጋዋ ሥር ካለ መድኃኒቱ ተሰጥቷል። ካርዱ ባይጻፍ እንኳ ሣጥኑ ይናገራል።

ርክክቡንም ከኮሪደር አንስተን አልጋ አጠገብ አደረግነው። ወጪዋ ተረኛ፣ ገቢዋ ተረኛ፣ ካርዱ፣ ታካሚዋና አስታማሚዋ አብረው። መጨረሻ ላይ አስታማሚዋ «የረሳነው ነገር አለ?» ተብላ ትጠየቃለች። ግላዊ ምስጢር ያለበትን ነገር ዴስክ ላይ እንጨርሳለን፤ የቀረው ሁሉ አልጋው አጠገብ ነው።

ሌሊት ስልክ መደወል

በገጠር ሆስፒታል ብዙ ሕይወት የሚያልፈው ነርሷ «ልደውል ወይስ ትንሽ ልጠብቅ?» ስትል ነው። ደውላ የተቆጡባት ነርስ በሚቀጥለው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለች። የሚደማ ሰው ግማሽ ሰዓት የለውም።

ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ሐኪሞቹ በሁሉም ፊት ቃል ይግቡ፤ በሌሊት ስለደወለ ማንም አይቆጣም፤ ጥሪው ባያስፈልግ እንኳ «ስለደወልሽ አመሰግናለሁ» ይባላል። ሁለተኛ፣ አደዋወሉን ተለማመዱት። ከሰርጓጅ መርከብ ሠራተኞች ተወስዶ ወደ ሆስፒታል የገባው አራት ደረጃ ያለው አነጋገር በጣም ይረዳል፤ አሁን ምን እየሆነ ነው፣ መነሻው ምን ነበር፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን እፈልጋለሁ። እንዲህ ይሆናል፦

«ዶክተር፣ ከማዋለጃ ክፍል ነው የምደውለው። አንዲት እናት በጣም እየደማች ነው፤ የደም ግፊቷ 80 በ50፣ የልብ ምቷ 128 ነው። የወለደችው ከአንድ ሰዓት በፊት ነው፤ የእንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ኦክሲቶሲን ተሰጥቷታል። ማሕፀኗ አልጠበቀም ብዬ እሠጋለሁ። አሁኑኑ እንዲመጡ እፈልጋለሁ፤ እስኪመጡ ደም እንዲዘጋጅ ላድርግ?»

ብዙዎቻችን ከመጨረሻው ደረጃ በፊት እንቆማለን፤ ሁኔታውን ተናግረን የምንፈልገውን ሳንጠይቅ። ታናሽ ለታላቅ «ይምጡ» ማለት ይከብደዋል። ስለዚህ በጠዋቱ ስብሰባ በሳምንት አንድ ቀን ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ተለማመዱት፤ ሐኪሙ ነርስ ሆኖ፣ ነርሷ ሐኪም ሆና።

ፊት ለፊት ሲሆንም የተስማማንበት መወጣጫ አለን። መጀመሪያ «ሥጋት አለኝ»፣ ካልተሰማ «ይህ ትክክል አይመስለኝም»፣ አሁንም ካልተሰማ «ለታካሚዋ አደጋ ነው፣ እንቁም»። የመጨረሻዋ ቃል ስትነገር ማንም ይሁን ማን እጁን ያቆማል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በቴኔሪፌ ሁለት ትልልቅ አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። አንደኛው ለመነሣት ሲንደረደር የበረራ መሐንዲሱ ሌላኛው አውሮፕላን መንገዱን መልቀቁን ጠይቆ ነበር። ዋናው አብራሪ ግን እርግጠኛ ሆኖ መለሰለት፤ መሐንዲሱም ዝም አለ። አቪዬሽን ከዚያ በኋላ ታናሹ ደግሞ እንዲጠይቅ፣ ታላቁም እንዲሰማ ማሠልጠን ጀመረ። ያ ዝምታ የእኛም ነው፤ በኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ።

ስለ ማረጋገጫ ቅጾች

የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ቅጽ 19 ነጥብ ነው። በ8 ከተሞች ባሉ 8 ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ውጤት ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ፣ ውስብስብ ችግር ከ11 ወደ 7 በመቶ ወርዷል። ከስምንቱ አንዱ በታንዛኒያ ኢፋካራ የሚገኝ የገጠር ሆስፒታል ነበር፤ «ይህ ለሀብታሞች ነው» ለሚል ሰው ይህን ንገሩት። ነገር ግን ቅጹ ብቻውን አያድንም። በሕንድ ኡታር ፕራዴሽ በ120 የጤና ተቋማት የአስተማማኝ ወሊድ ማረጋገጫ ቅጽ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ውጤት የአዋላጆቹ አሠራር ተሻሻለ፤ የእናቶችና የሕፃናት ሞት ግን አልቀነሰም።

እኔ ከሁለቱ የወሰድኩት ቅጹ ውስጥ ያለው ንግግር ነው። ከቢላዋ በፊት በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ ስሙንና ሥራውን ይናገር። ስሙን ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው በኋላ «ቆይ» ለማለት ይቀለዋል። ቅጹ ከኦፕሬሽኑ በኋላ በዴስክ ላይ የሚሞላ ከሆነ አቁሙት፤ የሐሰት ምልክት ማድረግን ታለማምዳላችሁ።

ቤተሰቡና ባልደረባው

ጉዳት ከደረሰ ለቤተሰቡ በዚያው ቀን ተናገሩ። የሆነውን፣ የምታውቁትን፣ ገና የምትመረምሩትን፣ አዝናለሁ የሚለውንም። በገጠር ከታካሚዎቻችን ጋር አንድ መንገድ ላይ ነው የምንውለው፤ የደበቅነው ነገር ከኛ በፊት ሠፈር ይደርሳል። ብቻዋን የሆነች ጀማሪ ነርስ ይህን እንድትናገር አትላኳት፤ ኃላፊው ይሂድ፣ ቁጭ ብሎ ይንገር። ምርመራው ሲያልቅም ተመልሶ ይሂድ። አብዛኛው ሰው ይህን ሁለተኛውን ጉዞ ይረሳዋል።

ስህተቱ የደረሰበት ባልደረባም ይጎዳል። አልበርት ዉ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለተኛው ተጎጂ ያሉት ይህን ሰው ነው። በዚያው ሌሊት ብቻውን ተረኛ ሆኖ እንዲቀጥል አታድርጉት። አንድ ሰው አብሮት ይሁን፤ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ጠይቁት፤ እንቅልፍ የሚያጣው ያኔ ነውና።

ለውጡን መለካት

በመቶኛ አትለኩ፤ ቁጥራችሁ ትንሽ ስለሆነ አንድ ክስተት ሁሉን ይገለብጠዋል። በሁለት ክስተቶች መካከል ያለፉትን ቀናት ቁጠሩ፤ በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ አድርጋችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። ነጥቦቹ ወደ ላይ ከሄዱ እየተሻላችሁ ነው። ለሪፖርት ግን መጀመሪያ ላይ ተቃራኒውን ጠብቁ። በመጀመሪያው ዓመት ሪፖርቱ ቢበዛ ባህሉ እየተወለደ ነው። ከሪፖርቶቹ ስንቶቹ ሰው ሳይጎዳ የተያዙ ናቸው? ስንቶቹ ከፅዳት ሠራተኛ፣ ከጥበቃ፣ ከአስታማሚ መጡ? እኔ የምከታተለው እነዚህን ነው።

የደኅንነት ባህል መጠይቆች አሉ፤ የአሜሪካው የጤና ጥናትና ጥራት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው በብዙ አገር ይሠራበታል። ሠላሳ ሠራተኛ ባለበት ቦታ ግን ዕድሜና ሙያ ካስጻፋችሁ ሰው ሁሉ ይታወቃል። እነዚያን መስመሮች አውጧቸው፤ የሚሰበስበውም ከሌላ ሆስፒታል የመጣ ሰው ይሁን።

ሰው ሲቀያየር

የገጠር ሆስፒታል ዋና ፈተና ይህ ነው። የተማረው ይሄዳል፣ አዲስ ይመጣል፤ ዳይሬክተርም ይቀየራል። ስለዚህ ባህሉን በአንድ ሰው ላይ አታንጠልጥሉት። የጠዋቱን አሥር ደቂቃ የሚመራው ሰው በየሳምንቱ ይቀያየር። አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያ ቀኑ ላይ፣ ዋርድ ከመግባቱ በፊት፣ ሁለት ነገር ይደረግለታል። የተፈረመው ገጽ ይሰጠዋል፤ ከነባሮቹ አንዱ ደግሞ ራሱ የሠራውን አንድ ስህተት ይነግረዋል። አዲስ ዓይን የለመድነውን ነገር ስለሚያይ በወሩ መጨረሻ «እዚህ ምን አስፈራህ?» ብለን እንጠይቀዋለን።

አዲስ ዳይሬክተር ሲመጣም ደብተሩን ይዘን እንገባለን። ደብተሩ አሁን ባዶ አይደለም፤ ሁለተኛው ሞልቶ ሦስተኛው ተጀምሯል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያቺ ልጅ የዚያን ሌሊት ታሪክ በራሷ እጅ ጽፋዋለች። 0.5 ስትጽፍ ዜሮዋን አድምቃታለች።